ከእግር ወደ ዓይን፣ ከዓይን ወደ መዝገብ፦ የቀድሞ ተጫዋች መልማይ ሲሆን

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእሴ እግር ኳስ ነው። ሆኖም የማነሣው ጥያቄ ከሜዳው አጥር የሚያልፍ ይመስለኛል። አንድ ሰው በሰውነቱ የተማረውን ዕውቀት፣ ሰውነቱ ሲደክም ወዴት ይወስደዋል? ዕውቀቱ አብሮ ያረጃል ወይስ መልኩን ለውጦ ይቀጥላል? ይህን ጥያቄ የምመረምረው ከተጫዋችነት ወደ ተጫዋች መልማይነት በተሸጋገሩ ሰዎች ታሪክ ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

የእግር ኳስ ተጫዋች የሥራ ዘመን አጭር ነው። ሐኪሙ፣ መምህሩና ዳኛው ገና በሙያቸው በሚበስሉበት ዕድሜ፣ ማለትም በ30ዎቹ አጋማሽ፣ ተጫዋቹ ከሜዳ ይሰናበታል። ከፊቱ የሚታዩት መንገዶችም ጥቂት ናቸው። አንዱ አሰልጣኝ ይሆናል፤ ሌላው የጨዋታ ተንታኝ፤ ሌላው ፈጽሞ ወደ ሌላ ሥራ ይገባል። ብዙ ሰው የማያስተውለው አራተኛ መንገድ ደግሞ ምልመላ ነው።

መልማይ ስንል ለክለብ የሚሆን ተጫዋች ፈልጎ፣ ተመልክቶና መዝኖ፣ ይወሰድ ወይም ይቅር የሚል ሐሳብ የሚያቀርብ ባለሙያ ማለታችን ነው። አሰልጣኝ በእጁ ያለውን ተጫዋች ያሻሽላል፤ መልማይ ገና በእጅ ያልገባውን ይፈልጋል። ወኪል የተጫዋቹን ጥቅም ያስጠብቃል፤ መልማይ የሚያገለግለው ክለቡን ነው። ሥራው በብርድና በዝናብ፣ ተመልካች በማይበዛበት ሜዳ ዳር ቆሞ ማየት ነው። ተራው ተመልካች ኳሷን ሲከተል መልማዩ ኳስ በእግሩ የሌለውን ተጫዋች ያያል። ልጁ ኳስ ከመድረሷ በፊት አንገቱን አዙሮ ዙሪያውን ቃኝቷልን? የመጀመሪያ ንክኪው ወደ ባዶ ቦታ ነው ወይስ ወደ ተቀናቃኙ እግር? ከተሳሳተ በኋላ ባለው ደቂቃ ምን ያደርጋል? በሜዳው ያሳየውን በሰው ሜዳም ይደግመዋልን? የመልማይ ጥያቄዎች እነዚህን ይመስላሉ።

የቀድሞ ተጫዋች ለዚህ ሥራ የሚመረጥበት ምክንያት ግልጽ ይመስላል። ያለፈበት ስለሆነ ያውቀዋል እንላለን። በሀንጋሪ የተወለደው ኬሚስትና ፈላስፋ ማይክል ፖላንዪ በ1966 ባሳተመው ሥራው፣ ከሰው ዕውቀት ሰፊው ክፍል በቃል ሊዘረዘር የማይችል ስውር ዕውቀት መሆኑን አስረድቷል። ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሚዛኑን እንዴት እንደሚጠብቅ ተጠይቆ በትክክል መመለስ ይከብደዋል፤ ነገር ግን አይወድቅም። የተጫዋች ዕውቀትም እንዲሁ ነው። ተከላካዩ አጥቂው ወዴት እንደሚታጠፍ ከትከሻው እንቅስቃሴ ያነባል፤ እንዴት እንዳነበበ ግን መናገር ይቸግረዋል።

የዛሬው መከራከሪያዬ እዚህ ላይ ይጀምራል። ይህ ስውር ዕውቀት ብቻውን መልማይ አያደርግም። ተጫዋች በቅጽበት፣ ለራሱና ስለ አሁን ይወስናል። መልማይ በዝግታ፣ ስለ ሌላ ሰውና ስለ ነገ ይወስናል። ተጫዋች ሲሳሳት ስሕተቱ ወዲያው በሰው ሁሉ ፊት ይታያል፤ መልማይ ሲሳሳት ስሕተቱ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ከቶ አይታወቅም። ስለዚህ ከአንዱ ሙያ ወደ ሌላው መሸጋገር ወንበር መቀየር ብቻ አይደለም፤ የዕውቀትን ባሕርይ መለወጥን ይጠይቃል። በእግር የነበረው ወደ ዓይን፣ ከዓይንም ወደ መዝገብ መተላለፍ አለበት።

ለዚህ አንድ ታሪክ ልጥቀስ። ጄፍ ትዌንቲማን በ1930 በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ የተወለደ የመከላከል መስመር ተጫዋች ነበር። በካርላይል ዩናይትድ ሲጫወት ካሠለጠኑት ሰዎች አንዱ ቢል ሻንክሊ ነው። በ1953 መጨረሻ ወደ ሊቨርፑል ተዛወረ፤ በገባበት የውድድር ዘመን ክለቡ ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ወረደ። በ1959 ወደ ሰሜን አየርላንድ ሄዶ በባሊሚና ዩናይትድ ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆነ። ሻንክሊ የሊቨርፑል አሰልጣኝ የሆነው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ በሊቨርፑል በአሰልጣኝነትና በተጫዋችነት አልተገናኙም። በ1967 ግን ሻንክሊ የቀድሞ ተጫዋቹን ጠርቶ የክለቡ ዋና መልማይ አደረገው። ትዌንቲማን ያን ጊዜ 37 ዓመቱ ነበር።

ትዌንቲማን ታላቅ ኮከብ አልነበረም። ዋንጫ ያነሣ አምበል፣ ስሙ በየቤቱ የሚጠራ አጥቂ አልነበረም። ነገር ግን በዋና መልማይነት በቆየባቸው ሃያ ያህል ዓመታት ሊቨርፑል ከዝቅተኛ ዲቪዚዮኖችና ከስኮትላንድ ትናንሽ ክለቦች ያመጣቸውን ተጫዋቾች እንመልከት። ኬቨን ኪጋን በ1971 ከአራተኛው ዲቪዚዮን ክለብ ከስከንቶርፕ የመጣው ከ35,000 ፓውንድ ባልበለጠ ዋጋ ነበር፤ ከስድስት ዓመት በኋላ በ500,000 ፓውንድ ወደ ሐምቡርግ ተሸጠ። ፊል ኒል በ1974 ከኖርዝአምፕተን መጥቶ አራት የአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫዎችን አንሥቷል። አለን ሃንሰን በ1977 ከፓርቲክ ትሲል በ100,000 ፓውንድ መጣ። ኢያን ረሽ በ1980 ከቼስተር፣ ስቲቭ ኒኮል በ1981 ከኤር ዩናይትድ፣ እያንዳንዳቸው በ300,000 ፓውንድ መጡ። ክለቡም በ1977፣ በ1978፣ በ1981 እና በ1984 የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ።

በእርግጥ እነዚህን ዝውውሮች ሁሉ ለአንድ ሰው ዓይን መስጠት ተገቢ አይሆንም። ኪጋንን ለሻንክሊ የጠቆሙ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረውም ሁልጊዜ አሰልጣኙ ነበር። የመልማይ ሥራ የአንድ ሰው ተአምር ሆኖ አያውቅም። ይሁን እንጂ ትዌንቲማን አንድ የሚለይበት ልማድ ነበረው፤ ይጽፍ ነበር። የተመለከታቸውን ጨዋታዎችና ተጫዋቾች በማስታወሻ ደብተር እየመዘገበ አጫጭር ፍርዱን ያሰፍር ነበር። እሱ በ2004 ካረፈ በኋላ እነዚህ ማስታወሻዎች በ2009 ለታተመ አንድ መጽሐፍ መነሻ ሆነዋል።

ይህ ልማድ ትንሽ ነገር ይመስላል። አባቶቻችን ግን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። መልማይ ሲጽፍ ሦስት ነገሮች ይሆናሉ። አንደኛ፣ «ደስ አለኝ» ወይም «አልጣመኝም» የሚለውን ስሜት ወደ ምክንያት እንዲለውጥ ይገደዳል። ሁለተኛ፣ ያው ተጫዋች ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ሲታይ የመጀመሪያው ፍርድ ከሁለተኛው ጋር ይመዛዘናል። ሦስተኛ፣ ማኅደረ ትውስታ የሚሠራውን ተንኮል ያግዳል። ሰው ያወቀውን ቀድሞም ያወቀው ይመስለዋልና፣ ኮከብ ከወጣ በኋላ «እኔ ገና ድሮ ብዬ ነበር» የማይል የለም። ቀን የተጻፈበት ወረቀት ግን ማን መቼ ምን እንዳለ በትክክል ይናገራል።

ይህ ሽግግር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቡና ቀማሽን ሥራ አስቡ። ቀማሹ ምላሱ የሚነግረውን ሁሉ በቃል ሊያብራራ አይችልም፤ የረጅም ጊዜ ልምድ ነው። ነገር ግን ጥሬ ፍሬውን አይቶ፣ ፈልቶ የቀረበለትን ቀምሶ በመጨረሻ ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡም በቅጹ ላይ ይሰፍራል። ሌላ ቀማሽ ያንኑ ናሙና ቀምሶ ሊስማማ ወይም ሊቃወም ይችላል። ምላስ የግል ነው፤ ቅጹ የጋራ ነው። ስውር ዕውቀት የሙያ ዕውቀት የሚሆነው ሌላው ሰው ሊፈትነው በሚችልበት መልክ ሲቀርብ ነው።

አሁን ደግሞ ከተጫዋችነት የመጣ መልማይ ስለሚጠብቁት ሦስት ወጥመዶች ልናገር።

የመጀመሪያው ራስን መፈለግ ነው። የቀድሞ ተከላካይ እንደሱ የሚከላከለውን፣ የቀድሞ አጥቂም እንደሱ የሚሮጠውን ልጅ ሲያይ ልቡ ይሳባል። ያለፈበት መንገድ ብቸኛው መንገድ ይመስለዋል። ጥሩ መልማይ ለመሆን ሰው በመጀመሪያ የራሱን መስተዋት ማስቀመጥ አለበት። ምናልባትም ታላላቅ ኮከቦች ሁልጊዜ ታላላቅ መልማዮች የማይሆኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ይሆናል፤ ለእነሱ ቀላል የነበረው ነገር ለሌላው ለምን እንደሚከብድ ለማየት ይቸገራሉ።

ሁለተኛው ወጥመድ ዛሬ የሚታየውን ሰውነት ከነገው ችሎታ ጋር ማምታታት ነው። ፈረንሳዊው አንቷን ግሪዝማን ልጅ ሳለ ቁመቱ አጭር ነው ተብሎ በአገሩ ክለቦች ተደጋግሞ አልተፈለገም። ለስፔኑ ሪያል ሶሴዳድ የሚሠራ መልማይ ግን አየው፤ ልጁም ድንበር ተሻግሮ በዚያ አደገ። በ2018 ከፈረንሳይ ጋር የዓለም ዋንጫን አነሣ። ይህ የአንድ ልጅ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1985 ሮጀር ባርንስሊና ባልደረቦቹ በካናዳ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በውድድር ዓመቱ መነሻ ወራት የተወለዱ ልጆች በተመረጡት ቡድኖች ውስጥ ከሚጠበቀው በላይ በዝተው ተገኙ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በአንድ የዕድሜ ምድብ ውስጥ በጥር የተወለደው ልጅ በታኅሣሥ ከተወለደው አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን በቀረው ዕድሜ ሊበልጠው ይችላል። በ12 ዓመት ልጅ ላይ ይህ ልዩነት በቁመትም በጉልበትም ይታያል። መልማዩ ተሰጥኦ ያየ ይመስለዋል፤ ያየው ግን የልደት ወር ነው። የተመረጠው ልጅ የተሻለ አሰልጣኝና ብዙ ጨዋታ ስለሚያገኝ በእርግጥም የተሻለ ይሆናል፤ ስሕተቱ ራሱን እውነት ያደርጋል። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ውጤት በብዙ አገሮች እግር ኳስ ላይም ታይቷል።

ሦስተኛው ወጥመድ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ዝም ያለ ስሕተት እለዋለሁ። መልማይ «ይወሰድ» ያለው ተጫዋች ካልተሳካለት ሁሉም ያያል፤ ገንዘብ ጠፍቷል፣ ጋዜጣ ጽፏል። «ይቅር» ያለው ልጅ ግን በአብዛኛው ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሊሆን ይችል የነበረው ነገር አይታወቅም። ስለዚህ መልማይ ከስሕተቶቹ ግማሹን አያያቸውም፤ ካላያቸውም አይማርባቸውም። በገበያ በሬ የሚመርጥ ገበሬ ጥርሱን አይቶ፣ አረማመዱን ተመልክቶ ሳይገዛ ቢመለስ በሬው አያዝንም። እዚህ የምንናገረው ግን ስለ 14 እና ስለ 15 ዓመት ልጆች፣ ተስፋቸውን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ ላይ ስለጣሉ ቤተሰቦች ነው። «ይቅር» የሚለውን ቃል ከነምክንያቱ መጻፍና ከዓመታት በኋላ ተመልሶ መመርመር የሥነ ምግባር ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ቅርብ ዘመን ልለፍ። ሞንቺ በሚል ስም የሚታወቀው ራሞን ሮድሪጌስ ቬርዴሆ በ1968 በደቡብ ስፔን ተወለደ። በ1990ዎቹ የሴቪያ ግብ ጠባቂ ነበር፤ ሆኖም አብዛኛውን ዘመኑን ያሳለፈው በተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው። በ1999 መጫወት አቆመ። ክለቡ በ2000 ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ሲወርድ የስፖርት ዳይሬክተርነቱ ለእሱ ተሰጠ፤ ያን ጊዜ 32 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ተጠባባቂ ግብ ጠባቂነት የማይመች ዕጣ ቢሆንም፣ ለመልማይ ያለው ጥቅም ቀላል አይመስለኝም። ሜዳውን በሙሉ ከፊት ለፊቱ እያየ ዘጠና ደቂቃ የሚቀመጥ ባለሙያ፣ ሳይጫወት ጨዋታን ማንበብ ይማራል።

ሞንቺ የገነባው ግን በአንድ ዓይን የሚታመን ሥርዓት አልነበረም። ረዳቶቹ የተለያዩ አገሮችን ሊጎች ተከፋፍለው ይከታተሉ ነበር። በውድድር ዘመኑ የመጀመሪያ ወራት የተለየ ተጫዋች ሳያነጣጥሩ በሰፊው ያዩ ነበር፤ ከየሊጉ ጎልተው የታዩትን ይመዘግቡ ነበር። ቀጥሎ ስማቸው የተደጋገመውን ለይተው በሜዳቸውም በሰው ሜዳም፣ በቀላሉም በከባዱም ጨዋታ እንደገና ይመለከቱ ነበር። አንድ ሰው የወደደውን ሌላው ይፈትነው ነበር። በዚህ መንገድ ኢቫን ራኪቲች በ2011 ከሻልከ መጥቶ የሴቪያ አምበል ሆነ፤ በ2014 ወደ ባርሴሎና ተሸጋገረ። ሴቪያ በሞንቺ የመጀመሪያ ዘመን የአውሮፓን ሁለተኛ ደረጃ ዋንጫ በ2006፣ በ2007፣ በ2014፣ በ2015 እና በ2016 አነሣ። ከተመለሰ በኋላ ደግሞ በ2020 እና በ2023 ደገመው።

«ከተመለሰ በኋላ» ማለቴ በመካከሉ ስለ ሄደ ነው። በ2017 ሞንቺ የጣሊያኑ ሮማ የስፖርት ዳይሬክተር ሆነ። ክለቡ በ2018 በሻምፒዮንስ ሊግ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ቢደርስም የተጫዋች ግዢዎቹ ብዙ ትችት አስከተሉ፤ በመጋቢት 2019 ሳይገፋበት ተለያዩ። ሰውየው ያው ሰው፣ ዓይኑም ያው ዓይን ነው። የተለወጠው አካባቢው ነበር። ከዚህ የምረዳው የመልማይ ዕውቀት የተጫዋችን ችሎታ መለየት ብቻ አለመሆኑን ነው፤ ይህ ልጅ በዚህ ክለብ፣ ከዚህ አሰልጣኝ ጋር፣ በዚህ ከተማ ይበቅላልን? የሚለውንም ይጨምራል። ዘሩ መልካም ቢሆንም አፈሩን የማያውቅ ገበሬ ይከስራል። ረሽንም አስታውሱ፤ በሊቨርፑል የመጀመሪያ የውድድር ዘመኑ አንድም ግብ አላስቆጠረም። ክለቡ የመታገሥ ልማድ ስለነበረው ጠበቀው፤ በመጨረሻም በ346 ግቦች የክለቡ የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ሆነ። ያ ልማድ ባይኖር የመልማዩ ትክክለኛ ፍርድ በአንድ ዓመት ውስጥ ስሕተት በተባለ ነበር።

ተማሪዎቼ ዘወትር የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። ዛሬ እያንዳንዱ ንክኪ በቪዲዮና በቁጥር ሲመዘገብ የሰው ዓይን ምን ያደርጋል? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፖል ሚል በ1954 ባሳተመው መጽሐፉ የባለሙያን ግምትና ቀላል የስታቲስቲክስ ቀመርን አወዳድሮ፣ ቀመሩ በአብዛኛው ከባለሙያው ግምት እንደሚስተካከል ወይም እንደሚበልጥ አሳይቷል። ይህ ለልምድ ኩራታችን መራራ ግኝት ነው። እኔ ግን ከዚህ የምወስደው ትምህርት «ዓይን ይወገድ» የሚል አይደለም። ቀመሩ የሚበልጠው ሳይታክት ተመሳሳይ ሚዛን ስለሚጠቀምና ውጤቱ ሊመረመር ስለሚችል ነው። መልማዩም በተመሳሳይ ቅጽ፣ በተመሳሳይ ጥያቄ፣ ቀን ጠቅሶ ቢጽፍ ከዚህ ብርታት ይካፈላል። ቁጥር ደግሞ የራሱ ዕውርነት አለው። በመረጃ ቋት ውስጥ ያለው ካሜራ የደረሰበት ሊግ ነው። ካሜራ ባልደረሰበት ሜዳ ልጁን የሚያየው ዛሬም የሰው ዓይን ብቻ ነው።

ይህ የመጨረሻ ሐሳብ ወደ አገራችን ያደርሰናል። ሜዳዎቻችን በብዛት ካሜራ ያልደረሰባቸው ናቸው። ከላይ የጠቀስሁትን የልደት ወር ጥናት ለመድገም እንኳ የታመነ የልደት ቀን ያስፈልጋል፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ግን በ2016 ነው። ከተጫዋችነት ወደ ሌላ አገልግሎት መሸጋገር በታሪካችን ታላቅ አብነት አለው። ይድነቃቸው ተሰማ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውተዋል፤ በ1962 የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣውን ብሔራዊ ቡድን አሠልጥነዋል፤ ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስኪያርፉ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። የሜዳን ዕውቀት ወደ ደንብ፣ ወደ ተቋምና ወደ ጽሑፍ ማሻገር እንደሚቻል ሕይወታቸው ይመሰክራል።

እንግዲህ በዚህ አዳራሽ ለተቀመጣችሁ የስፖርት ሳይንስ፣ የሥነ ልቦናና የስታቲስቲክስ ተማሪዎች አንድ ሥራ ልጠቁም። በየሠፈሩና በየወረዳው ተጫውተው ያለፉ፣ ዛሬ ከሜዳ ዳር ቆመው ልጆችን የሚመለከቱ ሰዎች አሉ። ዓይናቸው የብዙ ዓመት ዋጋ ተከፍሎበታል። ወደ እነሱ ሂዱ፤ ከጎናቸው ቁሙ። «ይህ ልጅ ደስ ይላል» ሲሉ ምኑ ደስ እንዳላቸው ጠይቁ፤ የሚሉትን ጻፉ። የተመረጡትን ብቻ ሳይሆን ያልተመረጡትንም መዝግቡ። ከሦስትና ከአምስት ዓመት በኋላም ተመለሱና መዝገቡን ክፈቱ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ደብተር፣ ትዕግሥትና ለሽማግሌዎች ዕውቀት አክብሮት ይጠይቃል።

ያን ካደረጋችሁ ሁለት ወገኖችን ትጠቅማላችሁ። አንደኛው መጫወት ያቆመው ሰው ነው፤ ያለው ዕውቀት ትዝታ ብቻ ሆኖ ከመቅረት ወጥቶ ሙያ ይሆናል። ሁለተኛው ከሜዳው መካከል የሚሮጠው፣ ምናልባትም በታኅሣሥ የተወለደው፣ ከጓደኞቹ በቁመት የሚያንሰው ልጅ ነው። እሱ የሚፈልገው ምሕረት አይደለም፤ በትክክል መታየትን ነው።